ለፀሐይ ያሰጣሁት ጠባሳ

ልጄ ቤዛ ትርፍ አንጀቷን ካስወጣች ወዲህ ቤታችን መድኃኒት ቤት መስሏል። መስታወቱ ሥር፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የእኔ የቅመም ዕቃዎች መሀል ሳይቀር የቅባት ቱቦ ተደርድሯል። አንዱ ከዱባይ የመጣ ነው፣ አንዱን ጓደኛዋ ከናይሮቢ ልካላታለች፣ የሌላውን ምንጭ እግዜር ይወቀው። ጠዋት ስትነሳ ገና እንደምን አደርሽ ሳትለኝ ሸሚዟን ገልጣ ሆዷን ታያለች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ከኦፕራሲዮን በኋላ ጠባሳ እንዴት እንደሚጠፋ ስታነብ ትውላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ መጥታ ቆመችና፣ «እማዬ፣ የሽንኩርት ጭማቂ ለጠባሳ ጥሩ ነው ይላሉ። ትንሽ ልውሰድ?» አለችኝ።

«ሂጂ ከዚህ! ወጥ ነው የምሠራው፣ አንቺን አይደለም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ አንገቴን ትክ ብላ አየችና፣ «ቆይ ግን፣ አንቺም አንገትሽን ኦፕራሲዮን ሆነሻል አይደል? አባዬ ነግሮኛል። የታለ ታዲያ? እንዴት ጠፋልሽ?» አለችኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ጉሮሮዬ ሥር ያለውን ቦታ በጣቴ ፈለግኩት፤ እኔ ራሴ እንኳ ቶሎ አላገኘሁትም። ዕድሜ አንገቴ ላይ ካሰመራቸው መስመሮች አንዱ ሆኖ ከእነሱ ጋር ተቀላቅሏል። ይህ ዛሬ ለማንም የማይታይ መስመር በወጣትነቴ ሊያሳብደኝ፣ ከዚህ ከተማ ሊያስመንነኝ፣ የምወደውን ሰው ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጄ ይህን አታውቅም። ኩርሲ ስቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ወጡም በዚህ መሀል አረረ። ይረር፣ ምን አባቱ!

እዚህ ሶማሌዎች አገር፣ ሀርጌሳ የገባሁት ከወልዲያ አካባቢ ተነስቼ፣ ጠረፍ ላይ ባለችው ውጫሌ በኩል፣ ከአገሬ ልጆች ጋር ነው። የተቀጠርኩት አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ኢዶ ሳህራ ቤት ነበር። እኛ ትልቅ ሴትን እትዬ እንደምንል እዚህ ኢዶ ይላሉ። ሳህራ ሶማሌ ብትሆንም ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። የመጀመሪያው ቀን «ምን ልሥራልዎ?» ብላት ዞር ብላ ኋላዋን አየችና፣ «ማንን ነው የምታናግሪው? ድሬ ላደገ ሰው አንቺ ነው የሚባለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እያልኳት ኖርኩ። ቁጣዋም ቶሎ ነው፣ ሳቋም ቶሎ ነው። እሷ የጨርቅ ሱቋ ስትውል ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ጠዋት ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር አቀርባለሁ፣ ለምሳ ሩዝና የፍየል ሥጋ እሠራለሁ። ሩዙን ግን እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አሳርረው ነበር። እኛ አገር ሩዝ የት አውቀን!

እንቅርት ነበረብኝ። ትልቅ አልነበረም፣ የሎሚ ያህል ቢሆን ነው። የእኛ መንደር ሴት ግማሹ እንቅርታም ስለሆነ እዚያ ሳለሁ ነገሬም አልነበረ። ሀርጌሳ ደግሞ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ሴት ተሸፋፍና ስለምትሄድ አንገቴን ያየ ሰው የለም። ይህ ሻሽ መጀመሪያ ላይ በሙቀቱ ያፍነኝ ነበር፤ በኋላ ግን ወደድኩት። ከሥሩ ሁለት ነገር ይደብቅልኛል፤ እንቅርቴንና ማተቤን። ማተቤን ያሰረችልኝ እናቴ ናት፤ ስትሸኘኝም እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ እዚያ አገር ብዙ ይሉሻል፣ ብዙ ይለምኑሻል። ማተብሽን እንዳትበጥሺ» ብላ አስምላኛለች።

ታደሰን ያወቅኩት በዓርብ ቀን ነው። ዓርብ የሁላችንም ዕረፍት ስለሆነ የአገር ልጆች አንድ ቤት ተሰብስበን ሽሮ እንበላለን፣ እናወራለን፣ እንስቃለን፣ እናለቅሳለን። እሱ ልሰና ነበር የሚሠራው፤ ከጓደኞቹ ጋር አያሃ በኩል፣ ከከተማው ጫፍ ይኖራል። ጫማው ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አለ፣ ወሬው ጥቂት ነው። ለካ ዝም ያለው ወዶ አይደለም። ከተግባባን በኋላ አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ በገመድ ራሱን እንዳጠፋ ነገረኝ። እናታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር አላወለቁም። ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። «አስካለ፣ እሱ ሄደ፣ እኛ ነን እስከ ዛሬ ትንፋሽ ያጠረን» አለኝ። አንጀቴን በላው። ያን ቀን ነው ይህን ሰው አልለቀውም ያልኩት።

ለፋሲካ ማግስት እሱ አገር ሊያገባኝ ቃል ተገባባን። እንግዲህ እኔ መጨነቅ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። የሙሽራ አንገት ይታያል። ሐብል ይደረግበታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አማት ይስመዋል። ታደሰ ስለ እንቅርቴ አያውቅም። ጥቂት ወራት በርበራ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ሲመለስ አንገቴን ልሙጥ አድርጌ እጠብቀዋለሁ ብዬ ለኢዶ ሳህራ ነገርኳት። እሷም ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ለእናቴ ግን አልተናገርኩም። እናቴ ጉሮሮ በቢላዋ ከተነካ ሰው አይተርፍም ብላ የምታምን ሴት ናት።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ነበር። ከመግባቴ በፊት ነርሷ ማተቤን ቀስ ብላ ፈታ፣ በትንሽ ፌስታል ቋጥራ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስወጣ ሐኪሙ ረዘም ያለ ምክር ሰጠኝ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ የሚናገረው ሶማልኛ ነው፤ ሳህራ ትተረጉማለች። በኋላ ሁሉንም በደንብ ስሰማው ያለው ይህን ነበር፦ ቁስሉ ሲገጥም እንዳይደርቅ ስስ አድርጋ ቫዝሊን ትቀባው፣ ቅርፊቱን አትፋቀው፣ ከገበያ ቅባት አትግዛ፣ ፀሐይ ያጠቁረዋልና ለወራት ፀሐይ አይንካው፣ አንገቷ ላይ የሚፈትግ ነገር አይኑር፤ ሐብልም ክርም ጠበቅ ያለ ሻሽም። ሳህራ ግን ሱቋን ትታ የመጣች ችኩል ሰው ናትና አሳጠረችው።

«ቫዝሊን ቀቢ፣ ፀሐይ አትውጪ። ያቺን ክርሽንም ተያት፣ ሁለተኛ አንገትሽ ላይ እንዳላያት።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። እናቴ ያለችው ደረሰ! ለካ ያሳከመችኝ፣ ሾርባ ያጠጣችኝ፣ ትራስ ያስደገፈችኝ ለዚህ ኖሯል። ቤት እንደገባን መታጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ማተቤን እዚያው ቁስሌ ላይ መልሼ አሰርኩት። እንዳታየውም ሻሼን ከወትሮው አጥብቄ፣ አገጬ ሥር በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ናይለን ሻሽ! በዚያ ንዳድ! ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኛል።

ጠባሳው መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ደስ የሚል። ከዚያ ማሳከክ ጀመረ። ወቅቱ እዚህ ጂላል የሚሉት በጋ ነው፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኗል፣ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ዓይን ውስጥ ይሞጅራል። ላቡ፣ አቧራው፣ ናይለኑ፣ ክሩ አንድ ላይ አንገቴን ሲፈትጉት ይውላሉ። እኔም ስታከክ እውላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ክሩ የሚያልፍበት ቦታ ወፈረ። ቀላ፣ ከዚያ በለዘ፣ ከዚያ ተነፋ። በመስታወት ሳየው አንገቴ ላይ ገመድ የተጠመጠመ ይመስላል። እንቅርቴን ናፈቅኩት ብል ታምኑኛላችሁ? እሱ እንኳ ለስላሳ ነበር።

ታዲያ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ? ሎሚና ጨው ቀባሁ። የጥርስ ሳሙና ለጥፌ ዋልኩ። ገበያ ወርጄ ሴቶቹ ፊታቸውን የሚቀቡትን እርድና ቃሲል የሚሉትን አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት ገዛሁ። ሻጯ ፊቷ ቢጫ ሆኖ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ አንገቴን ስጠቁማት እጇን እያወናጨፈች የሆነ ነገር ተናገረች። ሶማልኛዬ ያኔ የወጥ ቤት ሶማልኛ ስለሆነ አልገባኝም፤ በርቺ ያለችኝ መሰለኝ። አትቀቢው ማለቷ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ሣጥኑ ላይ የነጣች ሴት ሥዕል ያለበት የሚያነጣ ቅባት አገኘሁ። ቀባሁት። በነጋታው አንገቴ በእሳት የተለበለበ ያህል ተላጠ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ማተቤ ቁስሉ ላይ ተጣበቀ። ክሩን ላላቅቀው ስል ቤቱ በእኔ ጩኸት ተናወጠ። ደግነቱ ሳህራ ሱቅ ነበረች።

በዚሁ ሰሞን አንድ ዓርብ ሽሮ ስንበላ ሻሼ ተንሸራተተ። ወዲያው መለስኩት፤ ግን አጠገቤ የነበረች አንዲት ልጅ አየችው። ቀጥሎ ባለው ዓርብ ስገባ ወሬ ቆመ። ሰው ሁሉ በጣም ጥሩ ሆነልኝ፤ ከሰሃኑ ለእኔ ያደርሱልኛል፣ በዓይናቸው ያባብሉኛል። የሚባለውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አስካለ ራሷን ልታንቅ ስትል ሰው ደርሶ አወረዳት፣ ሐኪም ቤት የገባችውም ለዚህ ነው።

ታደሰ ከበርበራ ሲመለስ ወሬው ቀድሞኝ ጠበቀው።

ሻሂ ቤት ተገናኘን፤ ደረቁ ወንዝ ዳር፣ ግራር ሥር። ሻሂው መጣ፣ በወተትና በሄል የፈላ፤ አልጠጣውም። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጠኝ አንገቴን፣ ማለቴ ሻሼን አየ።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«እንቅርት ነበረብኝ፣ አስወጣሁት። ላስደስትህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«እንቅርት ነበረብሽ? መቼ?»

«ነበረብኝ። በሻሽ እሸፍነው ነበር።»

ብርጭቆውን ይዞ አዞረው። «እሺ» አለ በመጨረሻ፤ «አሳይኝ።»

ወይ አምላኬ! በዚያ ሳምንት አንገቴ ምን ይመስል እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። የተላጠ፣ የሚያዥ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ገመድ። ለእሱ ብዬ የተቀደድኩት፣ ያማርኩ መስሎኝ! እጄ ሳላዝዘው ሻሼን ጨምድዶ ያዘ።

«ሲድን አሳይሃለሁ።»

«አስካለ፣ አሁን አሳይኝ።»

«አላሳይህም! ሲድን አልኩህ እኮ!»

ፊቱ ላይ የሆነውን አልረሳውም። አልተቆጣም። አንዳች ነገር ከውስጡ ወጥቶ ሲሄድ አየሁት። «እናቴ ሁለተኛ አትችለውም» አለ፤ «እኔም አልችለውም።» ተነስቶ ሄደ። እኔ ሻሂውን እያየሁ፣ ዝንቦቹ ብርጭቆው አፍ ላይ ሲዞሩ እያየሁ ተቀምጬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሳምንታት አይባሉም። ልብስ ሳጥብ አለቅሳለሁ፣ ሩዝ ስለቅም አለቅሳለሁ። ብደውልለት አያነሳም። ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ገመዱ እንዳለ ነው። ጥሎኝ የሄደው ጤናዬ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ግን ቁስሌ አይገድለኝም፣ አይድንልኝም፤ እንዲሁ ሰው ፊት ያዋርደኛል። ድንግል ማርያምን የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ነገር ከላዬ ላይ አጥፊልኝና ታደሰ ይየኝ። መልኬን ነው የለመንኳት። ለነፍሴ እንኳ እንዲያ ሆኜ ለምኛት አላውቅም፤ ይህንንም እያሰብኩ ደግሞ አፍራለሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲያፍነኝ ወጥ ቤት ሻሼን አወለቅኩ። ኢዶ ሳህራ ያለወትሮዋ ከሱቅ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች።

«ሱብሃነላህ! ይህ ምንድን ነው? አንቺ ልጅ፣ ይህ ምንድን ነው?» ቀርባ አየችው። ከዚያ ክሩን አየች። «ይቺን አውልቂ አላልኩሽም?»

እኔም የታመቀው ሁሉ ገነፈለ። «አላወልቅም! ብትፈልጊ አባሪኝ! ማተቤን አልበጥስም፣ ሃይማኖቴን አልለውጥም!»

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ላሰልምሽ ነው ያልኩ መሰለሽ? ወላሂ አንቺን አስልሜ ምን ልጠቀም፣ ሩዝ እንኳ እስከ ዛሬ ታሳርሪያለሽ! ሐኪሙ ነው ያለው፣ ሐኪሙ! የሚፈትግ ነገር ሁሉ ጠባሳውን ያሳብጠዋል ነው ያለው። የወርቅ ሐብል ቢሆንም አውልቂ ነበር የሚልሽ!»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ሥራዋን ትታ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እናትሽና ቄሳችሁ ካልፈቀዱልሽ አትፈቺም አይደል?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ስልኳን አወጣችና የእናቴን ቁጥር አስነገረችኝ። እኔ የደበቅኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለእናቴ ዘረገፈችላት። እናቴ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ «ድናለች ወይ?» አለች፣ ደግማ አለቀሰች፤ ከዚያ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሮጣ ስልኩን ሰጠቻቸው። ኢዶ ሳህራ ምን አለች መሰላችሁ፣ «አባ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ልጅህ እኔ ቤት ናት። ክሯ ቁስሏን እየበላው ነው። አንተ ካልፈቀድክላት አትፈታም፤ ምን ትላለህ?»

አንተ! የነፍስ አባቴን አንተ! እናቴ ከወዲያ በስመ አብ ስትል ይሰማኛል። እሳቸው ግን፣ «ልጄ አስካለ፣ ሐኪም ያለሽን አድርጊ። እስኪድን ድረስ እጅሽ ላይ እሰሪው። እግዚአብሔር የት እንዳሰርሽው አይጠፋውም» አሉኝ። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ስቃይ ያየሁት ለዚች ነው። ሳህራ ክሩን በለብታ ውኃ አርሳ አላቀቀችው፤ አጥባ አድርቃ፣ በገዛ እጇ ግራ እጄ ላይ አሰረችልኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችኝ። እሱም አየኝና ራሱን ወዘወዘ። የሚያነጣውን ቅባት አስጣለኝ። የተላጠው ሲጠግግ ሲሊኮን የሚባል ለስለስ ያለ ፕላስተር እንድለጥፍበት፣ በቀን በቀን በጣቴ ጫፍ ቀስ እያልኩ እንዳሸው፣ ካልሆነም መርፌ ጠባሳው ውስጥ እንደሚወጋኝ ነገረኝ። አሁንም ደግሞ ስለ ፀሐይ አስጠነቀቀኝ፤ በዚህ ሁኔታው ፀሐይ ካገኘው እንደጠቆረ ይቀራል አለ። «መቼ ይጠፋል?» አልኩት። ሳህራ ስትተረጉም ዓይኗን ሰበረች። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ይሟሽሻል፤ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንድ ዓመት! ፋሲካ ደጅ ላይ ቆሟል።

ብዙም አልቆየ፣ ታደሰ ራሱ ደወለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። «ነገ አገሬ ልገባ ነው። ዛሬ የጀመርኩትን ግድግዳ ልጨርስላቸው ብዬ ነው የቆየሁት። ደህና ሁኚ ልበልሽ ብዬ ነው» አለና ዘጋው።

ምጣድ ላይ የነበረውን እንዳለ ትቼ ወጣሁ። ለሳህራ አልነገርኩም፣ ጃንጥላ አልያዝኩም። ሚኒባሱ አያሃ መንገድ ላይ ጣለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነው። ቀትር ነው፤ ጥላ የሚባል የለም። ነጭ አፈር፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ውኃ የጫነ የአህያ ጋሪ፣ እንደገና ነጭ አፈር። ምን እንደምለው አላውቅም። አንገቴ ያኔ ከመጀመሪያው የተሻለ ቢሆንም አሁንም አስቀያሚ ነው። ሲድን አሳይሃለሁ ብዬው ነበር፤ አልዳነም፣ እሱ ደግሞ ሊሄድ ነው።

የሚለስነውን ሕንፃ እየጠየቅኩ አገኘሁት። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል። ታደሰ ላይኛው ፎቅ መወጣጫው ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ በሁለት እጁ ፊቱን ይዟል። ስጠራው አልዞረም። ላያየኝ የፈለገ መሰለኝ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ውስጤ ተበጠሰ። ከመርፌ ቁልፉ ጋር ታገልኩ፣ ጣቴን ወጋኝ፤ ሻሼን ከላዬ ገፍፌ አፈሩ ላይ ጣልኩት። እዚህ ከተማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድ በሞላበት ግቢ! ሽማግሌው «አስተግፊሩላህ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ታደሰ! አሳይኝ አላልክም? ና እይ! ይኸው የሐኪም ቢላዋ የነካው! ሐኪሙ ፀሐይ እንዳይነካው ብሎኛል፣ ፀሐይ ካገኘው እንደጠቆረ ይቀራል ብሎኛል፤ ይኸው ለፀሐይ አሰጥቼዋለሁ! ቶሎ ና እይና ሂድ፣ እየተቃጠለብኝ ነው! ሊጠቁርብኝ ነው!» ከዚያ በኋላ ለቅሶ ብቻ ሆነ።

መወጣጫውን እየዳበሰ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ፊቱ በሲሚንቶ ነጥቷል፤ ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንባው ጉንጩ ላይ ሁለት ጥቁር መንገድ አውጥቷል። መጥቶ ፊቴ ቆመ። የአንገቱን ፎጣ ፈታና አንገቴ ላይ ጠመጠመው፤ አገጬንም አፌንም አብሮ ጠቀለለው፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ።

«ሸፍኚው» አለኝ። «ይጠቁርብሻል።»

በነጋታው አልሄደም። ኢዶ ሳህራ ነገሩን ስትሰማ «ሲሚንቶ የጠጣ ፎጣ በቁስል ላይ!» ብላ ሁለታችንንም በአንድ ላይ ገሠጸችን። ሠርጋችን ለዚያ ፋሲካ አልደረሰም፣ ለሚቀጥለው ሆነ። ያን ዓመት ሙሉ አሸሁት፣ ፕላስተሩን ለጠፍኩ፣ መርፌውንም ተወጋሁ፣ ከጃንጥላ ሳልለይ ከረምኩ። በሠርጌ ቀን ጠባሳው ነበረ፣ ግን ተኝቶ ነበር። አማቴ አንገቴን ስመው ፎቶ ተነሳን።

ይህን ለቤዛ ስነግራት ታደሰ ለምሳ መጥቶ ኖሮ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ቤዛ የአባቷ እንባ ጋ ስደርስ ማልቀስ ጀምራለች። እኔም ብሆን ያን እንባ ሃያ ዓመት ሙሉ በልቤ ይዤው ነው የኖርኩት። ስንጣላ እንኳ እሱን አስቤ ነው የምታረቀው።

ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ እንባው እንኳ…» አለ።

«ምን?»

«አላለቀስኩም። ሲሚንቶ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንቺ ስትጠሪኝ ላወጣው እየታገልኩ ነው። ምንም አይታየኝም ነበር።»

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። «ምንም? አንገቴንስ?»

«አንገትሽንም። በደንብ ያየሁት በሳምንቱ ነው።»

ቤዛ እንባዋን ሳትጠርግ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ውርደት፣ ሰው ፊት ሻሼን ገፍፌ! «ታዲያ ካላየኸው ለምን አመንከኝ? እንዴት ብለህ ነው ያመንከኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

ታደሰ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ተቀመጠ።

«ይጠቁርብኛል እያልሽ ነበር የምታለቅሺው» አለኝ። «ወንድሜ ከመሞቱ በፊት ፊቱን መታጠብ ትቶ ነበር። መሞት የፈለገ ሰው ጠባሳው ይጠቁርብኛል ብሎ ያለቅሳል እንዴ፣ አስካለ?»

እኔ እኮ ያን ወራት ሙሉ፣ ድንግል ማርያም ፊት ስንበረከክ ጭምር፣ ከነፍሷ መልኳን ያስቀደመች ከንቱ ሴት ነኝ እያልኩ በራሴ ሳፍር ነው የኖርኩት። ለካ መኖር ፈልጌ ነው። ከእኔ በፊት ይህን ያወቀው፣ ያ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቴ የቆመ ሰው ነበር።